ጦሳን በቡድን ወጥቶ በሰላም ለመመለስ

ጦሳ ከደሴ በስተምዕራብ ያለ ተራራ ነው። ከከተማው ሲያዩት ቅርብ ይመስላል። ግን ደሴ ራሷ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሽቅቡ ሲጀመር ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ብቻውን የሚወጣ እንደ አቅሙ ይሄዳል። በቡድን ሲሆን ግን ጉዞው መሄድ ያለበት በደካማው ሰው እግር ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ። ከጥቅምት እስከ ጥር ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ ፊት ለፊታችሁ ያለውን ሰው እንኳ ታጡታላችሁ። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ያዙ። የመንገዱን ሰላም ደግሞ ቀድማችሁ ቀበሌ ጠይቁ፤ ይህን በፍጹም እንዳትዘሉት።

ለአንድ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር ውሃ፣ ለስንቅ ቆሎ፣ በሶና ዳቦ ይበቃል። ከኮምቦልቻ ለሚመጡት ሹራብ እንዲይዙ ንገሯቸው። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በቲሸርት ብቻ የመጣ ሰው ላብ እንዳጠመቀው ጫፍ ላይ ይደርስና ነፋሱ ያንቀጠቅጠዋል።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስንት እንደሆናችሁ ቆጥራችሁ ተነሱ። መንገድ የሚያውቀው ከፊት፣ ጠንካራና ታጋሽ የሆነው ከሁሉም ኋላ ይሁን። ደካማውን ከመሪው ቀጥሎ አድርጉት። መጨረሻ ላይ ከሆነ የቀደሙት ተቀምጠው ይጠብቁታል፤ ገና ሲደርስ “በሉ እንሂድ” ብለው ይነሳሉ። እነሱ አርፈዋል፣ እሱ አላረፈም። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ስንቱ ሰው ተራራ የሚባል ነገር የሚጠላው በዚህ ነው። “አብሽር፣ ደረስን እኮ” ከምትሉት አምስት ደቂቃ አብራችሁት ተቀመጡ።

ሸንተረሩ ላይ በአንድ ረድፍ ሂዱ። ከገደሉ አፍ ራቁ። ፎቶ አንሺው “ትንሽ ወደ ኋላ” ቢላችሁ አትስሙት። ከእግራችሁ ስር ድንጋይ ከተነቀለ ታች ላሉት “ድንጋይ!” ብላችሁ ጩኹ። እርሻ ካጋጠማችሁ አዝመራውን ሳትረግጡ በዳር ዙሩ። አዛውንት ስታገኙ ቆም በሉና “አባባ፣ እንደምን ዋሉ? በዚህ ማለፍ ይቻላል?” ብላችሁ ጠይቁ። የትኛው መንገድ ገደል ላይ እንደሚያወጣ ከስልካችሁ ካርታ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።

7 ሰዓት ሲሆን፣ ጫፍ ባትደርሱም ተመለሱ። ቁልቁለቱ ከሽቅቡ ይብሳል። በባህር ዛፉ መሀል የደረቀው ቅጠል ያንሸራትታል፤ ፍሬው ደግሞ ጫማ ስር እንደ ብይ ይንከባለላል። ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ፣ እርምጃችሁን አሳጥሩ። እግሩ ወለም ያለው ካለ ሁለት ሰው ይደግፈው፤ ሌላውም ትቶት አይውረድ። መራመድ ካቃተው የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ታች ስትደርሱ ሁሉም መኖሩን እንደገና ቁጠሩ። የኮምቦልቻዎቹ ሳይመሽ ይሳፈሩ፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ በጨለማና በጉም ለሹፌሩም ከባድ ነው።