መድኃኒት ከእሽጉ አውጥቶ እንደገና ማሸግና ፋርማሲ ውስጥ ማዘጋጀት፣ በደንብ እንዴት ይሰራል

መድኃኒት ከትልቅ ጠርሙስ ወደ ትንሽ ስታዛውሩ ወይ ታብሌት ፈጭታችሁ ለህፃን የሚጠጣ ስታዘጋጁ አምራቹ የጻፈው ኤክስፓየሪ ዴት እንዳለ አብሮ አይሄድም፣ ቀኑ የተሰጠው በራሱ ዕቃ ታሽጎ ላለ መድኃኒት ነው። ከዛ በኋላ በሽተኛው የሚያየው የናንተን ሌብል ብቻ ነው፣ ለዛ ነው ሌብል ላይ ድርቅ የምለው።

እንደገና ማሸግ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ይሄ መድኃኒት ከዕቃው መውጣት ይችላል ወይ?" ነው። ከምላስ ስር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን ታብሌት ከብርጭቆ ጠርሙሱ አይወጣም፣ ይተናል፣ ፕላስቲክም ይመጠዋል። ዳቢጋትራንም (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) እርጥበት ስለሚያበላሸው በራሱ ዕቃ ይቆያል። የሚችል ከሆነ ጠረጴዛው ላይ አንድ መድኃኒት ብቻ ይኑር፣ በእጅ ሳይሆን በትሪና በስፓቹላ ቁጠሩ፣ ለፔኒሲሊን ዘሮች የራሳቸው ትሪ ይኑራቸው ምክንያቱም የቀረችው ብናኝ አለርጂ ላለበት ሰው አደጋ ናት። ሌብል በልኩ አትሙ፣ የተረፈውን ሌብል ወዲያው ቀዳዳችሁ ጣሉ፣ ባች ቁጥሩን (አብሮ የተመረተበትን ዙር የሚለይ ቁጥር)ና የአምራቹን ቀን መዝገብ ላይ አስፍሩ፣ ሌላ ሰው ይይላችሁ።

ወደ ማዘጋጀቱ ስንመጣ፣ አምሎዲፒን (የደም ግፊት መድኃኒት) በ1 ሚሊ 1 ሚሊግራም የሆነ 100 ሚሊ ሰስፔንሽን፣ ማለትም ዱቄቱ ፈሳሽ ውስጥ የተበተነበት የሚጠጣ፣ ተፈለገ እንበል። 100 ሚሊግራም ያስፈልጋል፣ ያላችሁ ባለ 5 ሚሊግራም ከሆነ 20 ታብሌት ማለት ነው። ሂሳቡን ጻፉት፣ ሌላ ሰው የናንተን መልስ ሳያይ ለብቻው ይስራው። ቀስ ብሎ የሚለቅ ወይም ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ የተሸፈነ ታብሌት አይፈጭም በቃ፣ እንደ ሜቶትሬክሴት ያለውን፣ ብናኙ ለሚነካው ሰው አደገኛ የሆነውን ደግሞ ክፍት ጠረጴዛ ላይ እንዳትነኩት፣ የራሱ ቦታና መከላከያ ይፈልጋል።

ታብሌቱን ሙቀጫ ውስጥ እስኪልም ፍጩት፣ ከማቅጠኛው ፈሳሽ ትንሽ ጠብ አድርጋችሁ እንደ ሊጥ አድርጉት፣ አንዴ ከደፋችሁበት ይጓጉልና መጠኑ እኩል አይሆንም። ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ ወደ መለኪያው ገልብጡ፣ ሙቀጫውን በዛው ፈሳሽ እጠቡና እሱንም ጨምሩ (ግድግዳው ላይ የቀረው እኮ መድኃኒት ነው)፣ ከዛ እስከ 100 ሙሉት። 100 ሚሊ ፈሳሽ መጨመር ሳይሆን ጠቅላላው 100 እንዲሆን ነው። መለኪያውን ከዓይናችሁ ከፍታ ጋር እኩል አድርጋችሁ አንብቡ፣ ከአቅሙ 20 በመቶ በታች የሆነ ነገር ደግሞ አትለኩበት፣ አነስ ያለ ውሰዱ።

ቅባት ላይ 1 ግራም ዱቄት 99 ግራም ቤዝ (መድኃኒቱ የሚቀላቀልበት ቅባት) ውስጥ አንዴ ከጣላችሁት አንዱ ጥግ ይጠነክራል ሌላው ባዶ ይሆናል። 1 ግራሙን በ1 ግራም ቤዝ፣ የሆነውን 2 በሌላ 2፣ 4ቱን በ4፣ እንዲህ እያላችሁ ጨርሱት፣ ጊዜ ይወስዳል ግን አቋራጭ የለውም።

ያዘጋጃችሁት የሚያበቃበትን ቀን በግምት አትስጡ። በዩኤስፒ (የአሜሪካ የመድኃኒት ደረጃ መጽሐፍ) ምዕራፍ 795 ከ2023 ጀምሮ ባለው ህግ ውሃ ያለበት፣ ፕሪዘርቫቲቭ (ጀርም እንዳይራባበት የሚጨመር ነገር) የሌለው ፍሪጅ ውስጥ 14 ቀን ነው፣ ፕሪዘርቫቲቭ ካለው 35፣ ውሃ የሌለው የሚጠጣ ፈሳሽ 90፣ ካፕሱልና ታብሌት 180። ይሄ ጣሪያው ነው፣ መድኃኒቱ ቶሎ የሚበላሽ ከሆነ ወይ ከገባው ነገር አንዱ ቀድሞ ኤክስፓየር የሚያደርግ ከሆነ አጭሩን ያዙ።

ሌብሉ ላይ ስሙ፣ በሚሊ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ የተሰራበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የት እንደሚቀመጥ፣ "በደንብ ይናጥ" የሚለው ይኑር። "5 ሚሊ ይጠጣ" ብሎ ብቻ መጻፍ አደገኛ ነው፣ ሌላ ፋርማሲ በሚቀጥለው ወፍራም (በ1 ሚሊ ብዙ ሚሊግራም ያለው) አድርጎ ቢሰራው ህፃኑ እጥፍ ሊወስድ ይችላል፣ ስለዚህ ሚሊግራሙም ሚሊውም ይጻፍ። ለወላጅ የአፍ ስሪንጅ ስጡና ፊታችሁ መጠኑን ስቦ ያሳያችሁ፣ በሻይ ማንኪያ ግን አታስለኩ።