የእርሾው ሴል ሽታ አልለይ ሲል፦ ደብረ ማርቆስ ላይ የሠራው መፍትሔ

የወባ ትንኝ የሽታ ተቀባይ የሆነውን ኦአር2 ከአጋሩ ኦርኮ ጋር የያዘው እርሾ (የጠላችን እርሾ ዝርያ ነው) ኢንዶል የተባለ የሚሸት ኬሚካል ሲጨመርበት ዝም አለ። ካልሲየም ወደ ሴሉ ሲገባ መፍካት የሚገባው ጂካምፕ የተባለ ፕሮቲን አልፈካም።

አንዱ ጥፋት ስኳሩ ነበር። የተቀባዮቹን ጂኖች የሚያስነሳው ጋላክቶስ የተባለ ስኳር ሲሆን ከአዳሩ የተረፈ ግሉኮስ ግን ይዘጋቸዋል። በ2% ራፊኖስ (ጂኖቹን በማይዘጋ ስኳር) አሳድጎ ከዚያ 2% ጋላክቶስ መጨመር ነው። ክረምት ላይ ክፍሉ ስለሚቀዘቅዝ ጠረጴዛ ላይ አይተውት፤ 25 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ ይደር።

የባሰው ግን የሴሉ ማጠቢያ ውሃ ነው። ፎስፌት ባለበት ውሃ ላይ ካልሲየም ክሎራይድ ሲገባ ሁለቱ ተያይዘው ይዘቅጣሉ። ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ቢያደርጉት ስስ ነጭ ጉም ይታያል፤ ያ የጠፋው ካልሲየም ነው። ተቀባዩ ቻናል፣ ማለትም ካልሲየም የሚያልፍበት በር፣ ስለሆነ ከውጭ ካልሲየም ካላገኘ የሚያስገባው የለም። ፎስፌቱ ፒኤችን በሚያረጋጋ ሌላ ኬሚካል፣ በ10 ሚሊሞላር ሄፔስ፣ ፒኤች 7፣ ይተካ፤ ካልሲየሙ 2 ሚሊሞላር ይሁን። ሴሉን ሁለቴ ማጠብም ግድ ነው፤ የእርሾ ምግቡ ራሱ ስለሚያበራ ምልክቱን ይውጠዋል።

አሁንም ካልበራ ቪዩኤኤ1 የተባለው ኬሚካል ይሞከር፤ እሱ ኦርኮን በቀጥታ ይከፍታል። በእሱ ከበራ ችግሩ ኦአር2 ላይ ሳይሆን አይቀርም። ኢንዶሉ የሟሟበት ዲኤምኤስኦ ከ0.5% አይለፍ፣ ኢንዶል በሌለው የመሞከሪያ ሳህኑ ጉድጓድም እኩል ይግባ። ሽታ ወደ ጎረቤት ጉድጓድ ስለሚሻገር በመካከል አንድ ረድፍ ባዶ ይተው። ሲያልቅ ሁሉም በ121 ዲግሪ አውቶክሌቭ ይደረግ (በእንፋሎት ግፊት ይምከን)።