ከፋብሪካ ተቀንሰው የሙያ ሥራ ሲጠብቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ከፋብሪካ የተቀነሰ ልጅ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ለሥራ አጥ የሚከፈል ነገር የለም?» ብሎ ነው። የለም። በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚቆረጥ አበል የለም፤ ያለው አሠሪው አንዴ የሚከፍለው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። ጀርመን ያለ ዘመድ «ሙያህን የሚመጥን እስክታገኝ አትቸኩል» የሚለን በራሱ አገር ለክቶ ነው፤ እዚያ መዋጮ የከፈለ ሥራ አጥ ከተጣራ ደመወዙ 60 በመቶውን (ልጅ ካለው 67 በመቶውን)፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አንድ ዓመት፣ ያገኛል። በሱ ምክር መጠበቅ የመጀመሪያው ስህተት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ሳያነቡ መፈረም ነው። እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። የስፌት ማሽን መካኒክ ሆኜ አራት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ቅነሳ መጣ፤ «የወር ደመወዝህን ውሰድና እዚህ ጋ ፈርም» ተባልኩ፣ ፈረምኩ። ቤት ገብቼ ሳየው «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ይላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በፈቃዱ የሚለቅ ሰው ስንብት የሚያገኘው ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለ ነው። የተቀነሰ ግን ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን ሲሶ ያገኛል፤ በቅነሳ ስለወጣ ደግሞ የ60 ቀን ይታከልለታል። ደመወዙ 6,000 ብር ለሆነ የአራት ዓመት ሠራተኛ ስንብቱ 12,000፣ የ60 ቀኑ 12,000፣ በጠቅላላው 24,000 ብር ነው። የአራት ወር ስንቅ በአንድ ፊርማ ሄደ። እናንተ የተቀበላችሁት የወር ደመወዝ ብቻ ከሆነ «ደመወዜን ብቻ ተረክቤያለሁ» ብላችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ፤ ኮፒውንም ያዙ።

ሽማግሌ እየላኩ ጊዜ ማሳለፍም አለ። ሽምግልና የወሎ ወጋችን ነው፣ አልነቅፈውም፤ ሽማግሌ ሲመላለስ ግን የሕጉ ቀን አይቆምም። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ የገንዘብ ጥያቄ በ6 ወር ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይታገዳል።

የሥራ ልምድ ደብዳቤን «ኋላ እወስዳለሁ» አትበሉ። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ስንት ድርጅት እንደተዘረፈ አይተናል። ደብዳቤው በነጻ የሚሰጥ መብታችሁ ነው፤ «ሠራተኛ» ሳይሆን የሙያችሁ ስም ይጻፍበት።

«ሙያ ይዤ ድንጋይ አልሸከምም» ማለት ስህተት አይመስለኝም። ስህተቱ ቀን ሳይቆርጡና ከመሣሪያ ርቀው መጠበቅ ነው። እኔ ደሴ ፒያሳ ለልብስ ሰፊዎች ማሽን እየጠገንኩ ቆየሁ፤ ገቢው ትንሽ ነበር፣ እጄ ግን አልደነዘዘም። ያላችሁን ብር በቤታችሁ የወር ወጪ አካፍሉት፤ ስድስት ወር ከወጣው፣ አራተኛው ወር ሲያልቅ ለሙያችሁ የቀረበውን ሥራ ውሰዱ፣ ደመወዙ ቢያንስም።