ቀለሙን ያማሁት በከንቱ ነው

ዲሲቪጄ የሚባለው ፍሎረሰንት (ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ የሚያበራ) ቀለም በቀጭን ፈሳሽ ውስጥ ሞለኪውሉ እየተጠማዘዘ ጉልበቱን ያባክናል፤ ፈሳሹ ሲወፍር መጠማዘዝ ያቅተውና ያበራል። ስለዚህ በብርሃኑ ቪስኮሲቲ (የፈሳሽ ውፍረት) ይለካል። ሁለቱ በሎጋሪዝም ሲሳሉ ተዳፋቱ 0.6 አካባቢ የሆነ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። የእኔ ግን ላይኛው ጫፍ ላይ ጎበጠ።

ቀለሙን ከጁሎሊዲን አልዴሃይድና ከማሎኖናይትራይል የሠራሁት ራሴ ነኝና ጥርጣሬዬ እሱ ላይ ነበር። ደግሜ አጣራሁት፤ ስንት ጀበና ቡና አለቀ። ያው ጉብጠት።

ጥፋቱ ናሙናዎቹን የማወፍርበት፣ ክዳኑ ላልቶ የከረመው የግሊሰሪን ጠርሙስ ነበር። ግሊሰሪን እርጥበት ይስባል፣ የጅማ ክረምት ደግሞ እርጥበት አይሰስትም! በ20 ዲግሪ 1 በመቶ ውሃ ብቻ ከቪስኮሲቲው አንድ አምስተኛ ያህሉን ይወስዳል። ሙቀቱም አለ፤ ከ20 ወደ 25 ዲግሪ ሲወጣ አንድ ሦስተኛው ይጠፋል። እኔ ደግሞ ጠዋት ጀምሬ ከሰዓት ነበር የምጨርሰው።

አዲስ ጠርሙስ ከፈትኩ። ድብልቆቹን በፒፔት ትቼ በሚዛን ሠራሁ፣ ወፍራሙ ፒፔቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራልና። ናሙናዎቹን 25 ዲግሪ ላይ በተያዘ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት አቆይቼ ለካሁ። መስመሩ ቀና።