ቤታችሁ የመኪና ቻርጀር ስታስገጥሙ የምትጠነቀቁባቸው ስህተቶች

የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ መስመር ይገባለታል፣ አለቀ። ነገር ግን ቤት ውስጥ እንደ እሱ የሚሠራ ዕቃ የለም። ካውያ ሲግል ያቋርጣል። የውሃ ማሞቂያም ውሃው ሲሞቅ ይጠፋል። ቻርጀር ግን ሙሉ ኃይሉን እየሳበ ሰዓታት ሙሉ አያርፍም፤ ያውም ሌሊት፣ ሰው በተኛበት። አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው።

በተራ ሶኬት እንጀምር። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ230 ቮልት 10 አምፒር ቢስብ 2.3 ኪሎዋት ይሰጣል። ጥቂት ለሚነዳ ሰው ይበቃል፤ ቀርፋፋ መሆኑ ችግር አይደለም። ችግሩ ሶኬቱ ነው። ያረጀ ሶኬት ውስጡ ይላላል፣ የላላው ቦታ ይግላል፣ ቆይቶም ፕላስቲኩ ይቀልጣል። በዲቫይደር ወይም በተጠቀለለ ማራዘሚያ ቻርጅ ማድረግማ ጭራሽ አይሞከርም። ሽቦው ሲጠቀለል ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ሁለተኛው ስህተት ትልቁን ቻርጀር መግዛት ነው። 22 ኪሎዋት የሚሰጥ ቻርጀር ስሪ ፌዝ (ሦስት የኃይል ሽቦ ያለው) መስመር ይፈልጋል። ሲንግል ፌዝ (አንድ የኃይል ሽቦ ብቻ) ያለው ቤት ውስጥ በ32 አምፒር የምታገኙት 7.4 ኪሎዋት ነው። መስመሩ ቢኖርም እንኳ ልኩን የሚወስነው መኪናው ነው። ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ባትሪው ወደሚቀበለው ዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) የሚቀይረው መሣሪያ ያለው መኪናው ውስጥ ነውና፣ እሱ 7 ኪሎዋት ብቻ የሚቀበል ከሆነ የ22ቱ ቻርጀር ምንም አይጨምርላችሁም። ደግሞስ ስንት ትነዳላችሁ? በቀን 50 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ኪሎዋት ሰዓት በላይ አይፈጅም። ያንን 7.4 ኪሎዋት ያለው ቻርጀር በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ይመልሰዋል። የተረፈውን ገንዘብ ጥሩ ኬብል ላይ አውሉት። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የቻርጀሩ መሰኪያ ከመኪናችሁ ጋር መግጠሙን እዩ፤ ታይፕ 2 እና ጂቢቲ የሚባሉት የመሰኪያ ዓይነቶች አይዋዋሱም።

የቤቱን ጠቅላላ ጭነት ሳያሰሉ ማስገጠምም የተለመደ ነው። ዋናው ብሬከር 40 አምፒር ከሆነና ቻርጀሩ 32ቱን ከወሰደ፣ ምድጃና ማሞቂያ ሲለኮሱ ቤቱ ይጨልማል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ብዙ ቻርጀሮች ወደ 16 አምፒር ዝቅ ይደረጋሉ። ዋናውን መስመር እየለኩ ሌላው ዕቃ ሲበዛ ራሳቸው የሚቀንሱም አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሽቦው። ቻርጀር ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል። ከጋራዥ መብራት ወይም ከሌላ ሶኬት ላይ መቀጠል አይገባም። ለ32 አምፒር ብዙ ጊዜ የሚመረጠው 6 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ኬብል ነው። መንገዱ ሲረዝም ወይም ኬብሉ ሙቀት ባለበት ሲያልፍ ወደ 10 ከፍ ይላል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ስለዚህ ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ «ከፍ ያለ እንቀይርለት» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አስቁሙት። ያኔ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ የሚነደው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል። ሽቦውን የሚይዘው ብሎን በደንብ ካልጠበቀም እንዲሁ ነው። ብሎኖቹ በግምት ሳይሆን አምራቹ ባስቀመጠው ልክ፣ በሚለካ ካቻቪቴ መጥበቅ አለባቸው። ከተወሰነ ጊዜ በኋላም መብራቱ ጠፍቶ በባለሙያ ይታዩ።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን የግራውንድ፣ ያፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ጉዳይ ነው። መኪና የቆመው በጎማ ላይ ነው። ሰውነቱ ብረት ነው፣ የሚነካው ሰው ደግሞ መሬት ላይ ቆሟል። ኤሌክትሪክ ወደ አካሉ ካፈሰሰና ግራውንድ ከሌለ፣ መንገዱ በሰውየው በኩል ይሆናል። ለዚህ ነው ብዙ ቻርጀሮች ግራውንድ ካላገኙ አልሠራም የሚሉት። አንዳንድ ሠራተኞች ታዲያ የግራውንዱን ሽቦ ቻርጀሩ ጋ ከኒውትራል (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር አስረው ያታልሉታል። ይሠራል፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን ግን መኪናው ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ይህን የሚያደርግ ሰው ቤታችሁ እንዳይገባ። መሬት ውስጥ በትክክል የተቀበረ ግራውንድ ይሠራ፣ በመሣሪያም ይለካ፣ ቁጥሩንም አሳዩኝ በሉ።

ከዚሁ ጋር ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጠው አርሲዲ አለ። የሚፈለገው 30 ሚሊአምፒር ላይ የሚቆርጥ ነው። ዓይነቱ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። መኪና የዲሲ ፍሳሽ ሊፈጥር ይችላል፤ ታይፕ ኤሲ የሚባለው ርካሹ አርሲዲ ደግሞ ዲሲ ሲገባበት ይደነዝዛል፣ በቸገረ ሰዓትም ላይቆርጥ ይችላል። ቻርጀሩ ውስጥ 6 ሚሊአምፒር ዲሲ የሚለይ መከላከያ ካለ ታይፕ ኤ ይበቃል። ከሌለ ታይፕ ቢ ያስፈልጋል። ቻርጀሩ የትኛው እንደሆነ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ሳታነቡ አትክፈሉ።

ስለ ቦታው ብዙ አልልም። ኬብሉ ሳይወጠር የመኪናው መሙያ ጋ ይድረስ፣ መተላለፊያ ላይ አይጋደም። ውጭ የሚሰቀል ከሆነ አቧራና የውሃ ፍንጥቅጣቂ መቋቋሙን የሚያሳይ፣ ቢያንስ አይፒ54 የሚል ምልክት ይኑረው።

ተገጥሞ ሲያልቅ ባለሙያውን ቶሎ አትሸኙት። መኪናው በሙሉ ኃይል ቻርጅ እያደረገ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ የብሬከር ሳጥኑን ክዳንና የመሰኪያውን እጀታ ዳብሱ። ለብ ማለት ያለ ነው። እጅ የማያስቆይ ሙቀት ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካለ ግን ብሬከሩ ይውረድ፣ ባለሙያው እዚያው እያለም ተከፍቶ ይታይ።