የታንክ አዛዡን ታሪክ ክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምር?

ጎንደር ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሶቭየት ታንክ አዛዥ የነበረውን የዲሚትሪ ላቭሪኔንኮን ታሪክ ሳስተምር ከሜዳሊያው አልጀምርም። ሰሌዳው ላይ «ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ» ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ «ታኅሣሥ 9 ቀን 1934 ዓ.ም. ላቭሪኔንኮ ሞስኮ አቅራቢያ ወደቀ»። ሦስት ሳምንት ብቻ! የኋላ ወንበር ሳይቀር ጆሮውን ያቆማል።

ከዚያ አራት ልጆች አንድ ዴስክ ላይ አጣብቁ፤ ሾፌር፣ ሬዲዮና መትረየስ ያዥ፣ ጥይት አጉራሽ፣ አዛዥ። የያኔው ቲ-34፣ ማለትም የላቭሪኔንኮ ታንክ፣ ውስጡ ጠባብ ነው፤ አዛዡም ራሱ ተኳሽ ነበር። «አዛዡ» በተጠቀለለ ደብተር እያነጣጠረ ሦስቱን ይምራ። አምና የኔው አዛዥ ማነጣጠሩ ጥሞት ሾፌሩን ረሳው፤ ዴስኩ ከግድግዳ ጋር ተላተመ። እኔ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ከማወራው ይሄ ይበልጣል።

ቀሪውን ቶሎ በሉት። በ1914 እ.ኤ.አ. ደቡብ ሩሲያ፣ ኩባን ተወለደ፤ ከውትድርና በፊት መምህር ነበር (እዚህ ላይ ትንሽ ብኮራ አትፍረዱብኝ)። ምፄንስክ በተባለች የሩሲያ ከተማ አቅራቢያ ጀርመኖች ላይ አድፍጦ ይተኩሳል፣ ቦታ ይቀይራል። 52 የጀርመን ታንክ እንዳወደመ ይቆጠርለታል። እሱን የገደለው ግን ታንክ ሳይሆን፣ ከታንኩ ከወረደ በኋላ ያገኘው የሞርታር ፍንጣሪ ነው። የሶቭየት ኅብረት ጀግና የተባለው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። «ለምን ዘገየ?» የሚል ልጅ አይጠፋም፤ የቤት ሥራ አድርጉት።