መብራት ሄዶ ሲመጣ ዴስክቶፑ አልነሳም ካለ

ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ፣ ክረምት ላይ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ውሎ ኮምፒውተሩ ድምፅ እንኳ ካላሰማ፣ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሣጥን) ለመግዛት አትሩጡ። ብዙ ጊዜ ራሱን ለመከላከል ቆልፎ ነው። ገመዱን ከሶኬቱ ንቀሉና የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙት፤ ውስጡ የቀረው ኃይል ይወጣል። ማዘርቦርዱ (ዋናው የውስጥ ሰሌዳ) ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ስትጠፋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ መልሳችሁ ሰኩት። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን እባካችሁ አትፍቱት፤ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ቮልቴጅ ይዞ ይቆያል።

ተነስቶ ቀኑና ሰዓቱ ተዛብቶ ከመጣ፣ ሳንቲም የምታህለው የማዘርቦርዱ ባትሪ ደክማለች። ቁጥሯ ሲአር 2032 ነው፣ 3 ቮልት፤ የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ይሁን። ከቀየራችሁ በኋላ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ገብታችሁ ሰዓቱን አስተካክሉ። እዚያው መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሳ የሚያዝ ምርጫ ካለ አጥፉት። መብራቱ ደጋግሞ ሲሄድና ሲመጣ አብሮ እየተነሳ እየወደቀ ሃርድ ዲስኩን የሚጎዳው እሱ ነው።

ደግሞ ሥራ ከፍታችሁ በስሊፕ ትታችሁት አትውጡ። ስሊፕ ሥራውን የሚይዘው ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ላይ ስለሆነ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። ሃይበርኔት ግን ዲስክ ላይ ስለሚጽፈው ከሶኬት ቢነቀልም አይነካውም። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ የማብሪያ ቁልፉ ምን እንዲሠራ የሚመረጥበት ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ።